ስለ ክሮውኸርስት ያስተማርኳችሁን ላርም

የዛሬው ረዘም ይላል። ቡና የያዘ ይቀመጥ፣ የቸኮለ ማታ ይመለስበት።

ከእኔ ጋር ጂኦግራፊ የተማራችሁ ልጆች ስለ ኬክሮስና ኬንትሮስ ስናወራ የማመጣውን የጀልባ ታሪክ መቼም አትረሱትም። «ያ ባሕር ላይ ቁጭ ብሎ የዋሸው እንግሊዛዊ» ትሉት ነበር። እኔም ለማሳቅ ብዬ አጋንኜ ነበር የምነግራችሁ። የሰውየውን ፊት እየሠራሁ፣ የሌለበትን ቦታ በካርታ ላይ በጠመኔ እያመለከትኩ። ክፍሉ በሳቅ ይናጋል፤ ኬንትሮስም በዚያው ይገባችኋል። ጥሩ አስተማሪ ነኝ ብዬ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ባለፈው ወር ያ ታሪክ ተመልሶ መጣብኝ። እንዴት እንደመጣ ቆይቼ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ክፍሌ ላልነበራችሁት ታሪኩን ልንገራችሁ።

ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1968 ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንደዚያው ናቸው)። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ፍራንሲስ ቺቸስተር የተባሉ የ65 ዓመት እንግሊዛዊ በሸራ ጀልባ ብቻቸውን ዓለምን ዞረው፣ መንገድ ላይ ሲድኒ አንድ ጊዜ ብቻ አርፈው ተመልሰዋል። ንግሥቲቱም በአደባባይ የፈረሰኛ ማዕረግ ሰጥታቸዋለች። እንግሊዝ አበደች። ሰንዴይ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ ታዲያ «ሳያርፍ የሚዞር ማነው?» ብሎ ውድድር አወጀ። አንድ ሰው፣ አንድ ጀልባ፣ ወደብ መቆም የለ፣ ከማንም እርዳታ መቀበል የለ። በአትላንቲክ ወደ ታች ወርዶ፣ ከአፍሪካና ከአውስትራሊያ በታች አልፎ፣ በደቡብ አሜሪካ ጫፍ በኬፕ ሆርን ዞሮ መመለስ። ከሰኔ 1 እስከ ጥቅምት 31 ባለው ጊዜ ውስጥ መነሣት ይቻላል። መጀመሪያ ለደረሰ የወርቅ ሉል፣ በአጭር ጊዜ ለጨረሰ 5,000 ፓውንድ።

9 ሰዎች ተነሡ። ዞሮ የገባው 1 ብቻ ነው።

ከ9ኙ የመጨረሻው ዶናልድ ክሮውኸርስት ነበር። 36 ዓመቱ፣ የ4 ልጆች አባት፣ ቲንመዝ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ስም የሚጓዝ ኤሌክትሮኒክስ የሚያውቅ ሰው። ለመርከበኞች አቅጣጫ የሚጠቁም በእጅ የሚያዝ መሣሪያ የሚሸጥ ትንሽ ድርጅት ነበረው፤ ድርጅቱ ግን እየሞተ ነበር። ባሕሩን የሚያውቀው ቅዳሜና እሑድ ብቅ እያለ ነው። ገንዘብ ያበደረው ባለሀብት ለጀልባው ወጪ ሸፈነለት። ውሉ ላይ ግን አንድ ነገር ነበር፤ ጉዞው ከከሸፈ ጀልባዋን ክሮውኸርስት ራሱ መልሶ ይገዛታል። ቤቱንም አስይዟል። ልብ በሉ፣ ሰውየው ገና ከወደቡ ሳይወጣ መመለሻው በወረቀት ተዘግቷል።

40 ጫማ የምትረዝመው ባለ ሦስት ቀፎ ጀልባው «ቲንመዝ ኤሌክትሮን» በጥድፊያ ተሠራች። ሊነሣ ሲል ገና አላለቀችም። የመጨረሻው ቀን ጥቅምት 31 ደረሰ። ከዚያ በፊት በነበረው ሌሊት ለሚስቱ ጀልባዋ ልክ እንዳልሆነች ነግሯት አልቅሶ እንዳደረ እሷው በኋላ ተናግራለች። ያን ሌሊት «እንግዲያው ተወው» ልለው ይገባ ነበር እያለች ኖራለች። ግን ከተማው ሁሉ ወጥቷል፣ የቴሌቪዥን ሰዎች መጥተዋል፣ ወኪሉ ለጋዜጦች ጽፏል። ሄደ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ነገሩ ገባው። ጀልባዋ ውኃ ታስገባለች፤ ፍጥነቱም ካሰበው ግማሽ ያህል ነው። በኅዳር ወር አጋማሽ መዝገቡ ላይ ችግሮቹን አንድ በአንድ ዘርዝሮ፣ በዚህች ጀልባ ደቡባዊ ውቅያኖስ ከገባሁ የመትረፍ ዕድሌ ግማሽ በግማሽ ነው ብሎ ደምድሟል። አሳቡ የጤነኛ ሰው አሳብ ነው፣ ስሌቱም ልክ ነው። መልሱ ታዲያ ግልጽ አልነበረም? ተመለስ! ግን ከተመለሰ ጀልባዋን ይገዛል፣ ቤቱ ይሄዳል፣ ከተማው ይስቃል። ወደፊት ከሄደ ይሞታል። ስለዚህ ሦስተኛ መንገድ ፈጠረ። አትላንቲክ ላይ እየዞረ ቆይቶ፣ ዓለምን የዞረ መስሎ ሊመለስ።

እዚህ ላይ ነበር እኔ ጠመኔዬን የማነሣው። ሳተላይት በሌለበት ዘመን መርከበኛ ቦታውን የሚያውቀው ከፀሐይ ነው። ቀትር ላይ ከፍታዋን በሴክስታንት ይለካል፤ ከፍታዋ ኬክሮሱን ይነግረዋል። ኬንትሮሱን የሚነግረው ሰዓት ነው። ምድር በ1 ሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች፤ አዲስ አበባ 38 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ምሥራቅ ላይ ስለሆነች የእኛ ቀትር ከግሪንዊች ቀትር በ2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ይቀድማል። (የፈተና ጥያቄ ነበረች፤ የሳታችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።) እንግዲህ እውነተኛው መርከበኛ ፀሐይን ለክቶ ቦታውን ያገኛል። ውሸታሙ ደግሞ ቦታውን ከልቡ አውጥቶ፣ ፀሐይ እዚያ ብሆን ኖሮ ስንት ዲግሪ ላይ ትታየኝ ነበር ብሎ ወደኋላ ያሰላል። ይህ ከእውነተኛው ስሌት ይከብዳል። በየቀኑ፣ በየቁጥሩ፣ ጠበብቶች አይተውት እንዳይነቁበት አድርጎ። ያላየውን የአየር ጠባይ ከሬዲዮ እየሰማ ይመዘግባል። ሁለት መዝገብ ያዘ፤ አንዱ ያለበት፣ አንዱ የሌለበት። «ይህን ያህል ጭንቅላት ለውሸት!» እላችሁ ነበር። ትስቁ ነበር።

በታኅሣሥ በአንድ ቀን 243 ማይል ተጓዝኩ ብሎ አስተላለፈ። አዲስ ክብረ ወሰን ነው ተባለ፣ ጋዜጦች ፎከሩ። የተጠራጠሩት እነ ቺቸስተር ጥቂቶች ናቸው። ከጥር አጋማሽ ጀምሮ ሬዲዮው እንዳይጠቁምበት ዝም አለ። በመጋቢት ጀልባዋ ስትቀደድበት አርጀንቲና ውስጥ ሪዮ ሳላዶ በምትባል ጥግ ወርዶ ጠገናት፤ ሕጉ መውረድ ስለሚከለክል በዚያ ብቻ ከውድድሩ ወጥቷል። በሚያዝያ ኬፕ ሆርንን ያለፈ መስሎ ሬዲዮውን ከፈተ።

ዕቅዱ ማሸነፍ እንዳይመስላችሁ። ሁለተኛ መውጣት ነው የፈለገው። የወርቁን ሉል ሮቢን ኖክስ-ጆንስተን በሚያዝያ 22፣ 1969 ወስዶታል፤ በ312 ቀን። ከኋላ ዘግይቶ ተነሥቶ በጊዜ የሚቀድመው ናይጀል ቴትሊ እየመጣ ነው። ቴትሊ 5,000ውን ይወስዳል፣ ክሮውኸርስት ከእሱ ኋላ ይገባል፣ የተሸናፊን መዝገብ ማን ያገላብጣል? ይጨበጨብለታል፣ ቤቱም ይተርፋል።

የቴትሊን ነገር ሳስበው እስከዛሬ ያመኛል። ዓለምን ዞሮ ጨርሶ ነበር። ጀልባው እየፈራረሰች፣ ዝግ ብሎ ቢመጣ በደረሰ። ግን ክሮውኸርስት ከኋላህ እየገሰገሰ ነው ብለው በሬዲዮ ይነግሩታል። የሌለ ሰው ያሳድደዋል! ሸራውን ገትሮ ነዳት፤ ግንቦት 21 ለመግቢያ 1,100 ናቲካል ማይል ገደማ ሲቀረው ሰጠመችበት። እሱ በሕይወት ተረፈ። ጀልባዋ ከሚስቱ ጋር የሚኖርባት ቤቱ ነበረች።

ቴትሊ ሲሰጥም ክሮውኸርስት በግድ አሸናፊ ሆነ። ወኪሉ ከተማው በሙሉ እየጠበቀህ ነው፣ በአሥር ሺዎች ሕዝብ ይወጣል እያለ መልእክት ይልክለታል። መዝገቡን የሚመረምሩት ጠበብት ይጠብቁታል። በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት መርከብ መንዳቱን ትቶ መጻፍ ጀመረ። ስለ አምላክ፣ ስለ አንስታይን፣ ስለ ጊዜ፣ 25,000 ያህል ቃል። የመጨረሻው ጽሑፍ የሐምሌ 1 ነው። ሐምሌ 10 ፒካርዲ የተባለች የፖስታ መርከብ ጀልባዋን ሰው አልባ ሆና ስትንሳፈፍ አገኘቻት። ትክክለኛውን መንገዱን የሚያሳዩት መዝገቦች ጀልባዋ ውስጥ ነበሩ። አስከሬኑ አልተገኘም።

ታሪኩ ይኸው ነው። እኔም «ውሸት እግሩ አጭር ነው» ብዬ ዘግቼው ደወል ይደወላል።

አሁን ወደ ባለፈው ወር። አንድ የድሮ ተማሪዬ ቤቴ ድረስ መጣ። ማን እንደሆነ አልናገርም፤ ይህን እንድጽፍ ግን ፈቅዶልኛል። ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ኢንጂነሩ» እያለ ያሳደገው ልጅ ነበር። ቡና ስንጠጣ «ቲቸር፣ የዚያ የጀልባውን ሰውዬ ታሪክ አሁንም ታስተምራለህ?» አለኝ። ጡረታ ወጣሁ እኮ አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ነገረኝ።

ዩኒቨርሲቲ በሁለተኛው ዓመት ውጤት ሳይመጣለት ተሰናብቷል። ለቤተሰቡ አልነገረም። ለአንድ ዓመት ከግማሽ በዚያው ከተማ ተደብቆ፣ በየሳምንቱ እየደወለ «ፈተና ላይ ነኝ»፣ «ፕሮጀክት ላይ ነኝ» ይል ነበር። የሌሉ ኮርሶችን ስም ከድሮ ጓደኞቹ እየጠየቀ ይይዛል፣ የፈተና ፕሮግራማቸውን ይገለብጣል፣ የሌለ ውጤት ያሰላል። «እናቴ ልትረሳው ትችላለች ብዬ እፈራለሁ እንጂ ሁሉንም ደብተር ላይ ነበር የምጽፈው፤ እንዳይጋጭብኝ» አለኝ። እናቱ ወይፈን ሸጣ ብር ትልክለታለች። «ያን ጊዜ ሁሉ ያንተን ክፍል ነበር የማስታውሰው። እኛ ስቀናል። እኔም ስቄአለሁ። እንግዲህ ነገ እኔም እንደዚያ ነው የሚሳቅብኝ እል ነበር።»

ምን ልበለው? ሲኒው እጄ ላይ ቀረ።

እንዴት ወጣህ አልኩት። ታላቅ እህቱ ሳትናገር አውቶቡስ ተሳፍራ መጣች። ጊቢው በር ላይ ጠይቃ የለም ሲሏት ስታፈላልግ ውላ ማታ አገኘችው። አልጮኸችም፣ አልጠየቀችም። «ልብስህን ሰብስብ፣ ጠዋት መኪና አለ» ነው ያለችው። ቤት ሲገቡ እናቱ ቀድማ ታውቅ ኖሯል፤ እግሩን አጠበችው። ዛሬ አዳማ የኤሌክትሪክ ሥራ ይሠራል፣ ሁለት ልጆች አሉት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ታሪኩን እንደ አዲስ ያሰብኩት። ለዓመታት ያስተማርኩት ውሸቱን ነበር። ዋናው ነገር ግን ያ ውል ነው፣ ያ ወደብ ላይ የቆመው ሕዝብ ነው። ክሮውኸርስት በኅዳር ወር እውነቱን ያውቅ ነበር፤ ጽፎታል። መመለስ ያቃተው መንገዱን አጥቶ አይደለም፤ ፋልመዝም ቲንመዝም ባሉበት ነበሩ። የተዘጋበት የሰው ፊት ነው። እኔ ደግሞ በየዓመቱ አርባ አርባ ልጅ ሰብስቤ ያንን ፊት አስለማምድ ነበር።

ያላስተማርኳችሁ ሌላም አለ። ከ9ኙ ውስጥ 5ቱ መንገድ ላይ «በቃኝ» ብለው ወጥተዋል። ስማቸውን አንድ ቀን ጠርቼ አላውቅም። ጆን ሪጅዌይ ጀልባው ሲሰነጠቅበት ብራዚል ወረደ። ቼይ ብላይዝ ሲነሣ ሸራ ማዘዝ እንኳ አያውቅም ነበር፤ ደቡብ አፍሪካ ድረስ እየተማረ ሄዶ አቆመ። ከ2 ዓመት በኋላ ሌላ ጀልባ ይዞ፣ ከነፋሱ በተቃራኒ፣ ወደ ምዕራብ፣ ሳያርፍ ብቻውን ዓለምን ዞረ፤ ከእሱ በፊት ማንም ያላደረገውን። ቢል ኪንግ ከሁሉም በዕድሜ ትልቁ፣ 58 ዓመታቸው፣ የጦርነት ዘመን የባሕር ሰርጓጅ አዛዥ ነበሩ። ጀልባቸው ተገልብጣ ምሰሶዋ ተሰበረ፤ ወደ ኬፕታውን ተጎትተው ገቡ። ከዓመታት በኋላ ዞረው ጨረሱ፤ 102 ዓመትም ኖሩ። ሎይክ ፉዠሮን በማዕበል፣ አሌክስ ካሮዞ በጨጓራ ቁስል ወጡ። አምስቱም ወደ ቤታቸው ገቡ።

«እንዲህ ከሆነ ሁሉም በትንሽ ነገር ይመለሳላ» የሚለኝ ይኖራል። እኔም ስል ኖሬአለሁ። መልሱ ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ በየ4 ዓመቱ የሚካሄደው ቫንዴ ግሎብ ነው። ከ1989 ጀምሮ ያለ፣ ብቻ ለብቻ፣ ሳያርፉ፣ ያለ እርዳታ የሚዞሩበት ውድድር። እዚያ አንድ ደንብ አለ። ከተነሣህ በ10 ቀን ውስጥ ችግር ከገጠመህ ወደ መነሻህ ወደ ሌ ሳብል ዶሎን ተመለስ፣ ጠግን፣ እንደገና ውጣ። ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ግን በሩ ክፍት ነው። በ2008 ሚሼል ደዥዋዮ ገና በመጀመሪያው ቀን ጀልባው ተበላሸችበትና ተመለሰ። 40 ሰዓት ያህል ዘግይቶ፣ ከሁሉም ኋላ፣ ብቻውን ወጣ። ከዚያስ? አንድ በአንድ ቀድሟቸው በ84 ቀን አሸነፈ! በ2020 ደግሞ ለአሸናፊነት ከሚጠበቁት አንዱ ዤሬሚ ቤዩ ተመልሶ ከ9 ቀን በኋላ እንደገና ተነሣ፤ ለማሸነፍ ጊዜው አልፏል፣ 13ኛ ሆኖ ጨረሰ። ያኔ ውድድሩን ያሸነፈው ያኒክ ቤስታቨን መስመሩን በሦስተኛነት ነው ያለፈው፤ ጀልባው የተሰበረበትን ጓደኛ ሲፈልግ ያጠፋው 10 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ተመልሶለት አንደኛ ሆነ። ከእኔ ይልቅ ይህን ደንብ የጻፉት ሰዎች መምህር ናቸው።

በርናርድ ሟቴሲዬን ረሳኸው የሚል አለ፤ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ አንድ ወዳጅ በተለይ። አልረሳሁትም። ፈረንሳዊው ሟቴሲዬ ኬፕ ሆርንን አልፎ፣ የፈጣኑን ሽልማት ሊወስድ እየቻለ፣ ወደ አውሮፓ አልመለስም ብሎ እንደገና ወደ ምሥራቅ ዞረ። ደብዳቤውን በወንጭፍ አልፎ ሂያጅ መርከብ ላይ ወርውሮ ታሂቲ ድረስ ሄደ። ወጣት ሳለሁ የነጻነት ጌታ ነበር ለእኔ። አሁን ሳረጅ ግን ሚስቱ ወደብ ላይ ስትጠብቅ ነው የሚታየኝ። ምናልባት እሱም እንደ ክሮውኸርስት ያንን ጭብጨባ ፈርቶ ይሆናል፤ አንዱ ይገባው ስለነበር፣ አንዱ ስላልተገባው። ይህን አሳብ ግን አልሟገትበትም።

ስለ ኖክስ-ጆንስተን አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። ቦምቤይ በቲክ እንጨት የተሠራችው «ሱሃይሊ» 32 ጫማ ብቻ ናት። ስታፈስበት ባሕር ውስጥ ጠልቆ ስንጥቋን ይደፍን ነበር። ሬዲዮው ስለተበላሸ ከኒውዚላንድ ወዲህ ለወራት ማንም ድምፁን አልሰማም። አስቡት፣ በዚያው ወቅት ሁለት ሰዎች ዝም ብለዋል፤ አንዱ በእርግጥ እየዞረ፣ አንዱ እየተደበቀ። ከወደብ ላይ ሆኖ ለሚያይ ልዩነት የላቸውም። (ከጉዞው በፊትና በኋላ የአእምሮ ሐኪም መርምሮት «እስኪያስጨንቅ ድረስ ጤነኛ ነው» ብሏል አሉ።) ብቻውን ስለጨረሰ 5,000 ፓውንዱም የእሱ ሆነ። ለክሮውኸርስት ሚስትና ልጆች ሰጠው። ማጭበርበሩ በጋዜጣ ከወጣ በኋላም መልሱልኝ አላለም።

አንድ ጊዜ ክፍል ውስጥ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ በኅዳር ወር ቢመለስ ኖሮ ምን ይሉት ነበር?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። «ይስቁበት ነበራ!» አልኳት፣ ክፍሉም ሳቀ፣ ወደሚቀጥለው አለፍን። ምናልባት ይህን ታነቢ ይሆናል። ጥያቄሽን አልመለስኩትም ነበር። ቲንመዝ ውስጥ አንድ ሁለት ሳምንት ይሳቅበት ነበር። ባለሀብቱ ገንዘቡን ይጠይቅ ነበር፣ ቤቱ ሳይሸጥ አይቀርም፣ ድርጅቱም ይዘጋ ነበር። ቴትሊ ዝግ ብሎ ጀልባውን ይዞ ይገባ ነበር። 4ቱ ልጆች ደግሞ በኪራይ ቤት፣ ገናን ከአባታቸው ጋር ይበሉ ነበር።